በመነጽሩ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር

መስከረም 22

ለሚጢጢ፣

ጤናሽ እንደምን ሰንብቷል? ወጥተሽ የምትገቢበትን በር ፈጣሪ ይባርክልሽ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። ጉልበቴ የራሱ ፈቃድ አለው፤ የላብራቶሪውን ደረጃ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዛ የምታወጣኝ ልጄ ናት።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይሉ የለ? ኮሌጃችን ሌዘር መጣለት። አዎ፣ ሌዘር! በሃያ ስድስት ዓመት የላብራቶሪ ቁልፍ ያዥነቴ እንዲህ ያለ ሣጥን ከፍቼ አላውቅም። አራት ሰው ተሸክሞት ገባ፤ አራቱም ወገባቸውን ይዘው ወጡ። አብሮት ይመጣል የተባለው የዓይን መከላከያ መነጽር ግን የለም። የት ገባ ሲባል አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ይቀስራል።

ጉዳዬ ምን መሰለሽ። ልጄ አንቺ ወደ ውጭ ስትሄጂ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ነበረች። ዛሬ በፊዚክስ ተመርቃ እዚሁ እኔ ዘንድ በጊዜያዊነት ትሠራለች። ማሽኑ እስከ ጥር ሥራ ከጀመረ ቋሚ ትሆናለች፤ ካልጀመረ እሱንም እሷንም አንድ ሸራ ይሸፍናቸዋል። የላብራቶሪው ኃላፊ ደግሞ ወረቀት ካላየ እናቱንም የማያምን ሰው ነው። «ክፍሉ ለሌዘር ብቁ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ያረጋግጥልኝ፣ አለዚያ አይበራም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እዚህ የሚያውቅ ሰው ከየት ይምጣ?

ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሌዘር ቤት እንደምትሠሪ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስታወራ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እኔም የአጎቷ ልጅ ነኝና በሄድኩበት ኮርቼብሻለሁ። የናንተ ክፍል በሩ፣ ምልክቱ፣ መብራቱ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። ስልክ አይሆንም፤ በስልክ የተወራ ነገር ማህተም አይመታበትም። አድራሻሽን እንደ ወትሮው ልጄ ናት የጻፈችው፤ የኔ የውጭ ፊደል የዶሮ ጭረት ነው።

ቁልፌ የምትሉኝ ጋሼሽ

ጥቅምት 17

ውድ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከደጅዎ እስከ ጓዳዎ ይግባ። ለጉልበትዎ ምሕረቱን ይላክልዎ። እኔ ሥራ ከመብዛቱ በቀር ደህና ነኝ። ትንሿ ሌዘር ላይ! ደብዳቤዎን ይዤ ስቄ ሳበቃ አለቀስኩ።

የኛ ክፍል ሁለት በር ነው ያለው። በፊተኛው ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተለጥፏል፤ መሀሉ ላይ ከአንድ ነጥብ ዙሪያውን የሚረጭ ጨረር ተሥሏል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፣ ቁጥሮችም አሉ። ከበሩ በላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከሆነ ይገባል፤ ቀይ ከሆነ ንጉሥም ቢመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ቀይ እያለ በሩ ከተከፈተ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሳያስተውል ከፍቶ የሦስት ሰዓት ሥራ ተበላሸ፤ ያን ቀን የወረደው ስድብ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ውስጥ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መጋረጃ አለ። ግድግዳው ላይ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ቀይ ቁልፍ አለ፤ ክፉ ነገር ከመጣ እሱን በመዳፍ መምታት ነው፣ ሁሉም ይጠፋል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ደጅ ይቀራል። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ሲጎነበስ ዓይን ከጠረጴዛው ጋር እንዳይተካከል፤ ጨረሩ የሚሄደው በዚያ ከፍታ ነው፣ ደግሞ አይታይም። ወለሉም ሁልጊዜ ንጹህ ይሁን፣ ገመድ አይዝረክረክበት፤ በዚህ በፍጹም እንዳትደራደሩ።

የመነጽሩን ነገር ለእኔ ይተዉት።

ሚጢጢ

ኅዳር 9

ለሚጢጢዬ፣

ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሆድሽ እንዴት ነው? እኛ አለን። ጉልበቴም ለጊዜው ታርቆኛል።

ኃላፊው ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እኔም ከንፈሩን ሳይ አረፈድኩ። በመጨረሻ «እንዲህ ነው እንጂ ባለሙያ!» ሲል ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ምልክቱን በገዛ እጄ ሠራሁት። ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ቢጫ ቀብቼ፣ ጠርዙን በጥቁር ከብቤ መሀሉ ላይ ጨረሩን ሣልኩበት። ጥበቃው መጣና ራሱን ዘንበል አድርጎ አይቶ «ጃርት ነው?» አይለኝም! አሁን ተማሪው ሁሉ ክፍሉን ጃርት ቤት ይለዋል። ይበሉት፤ ብቻ ይፍሩት። ቀዩን አምፖል የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሰቀለው፤ በሩ ሲከፈት ማሽኑ እንዲጠፋም አድርጎ አገናኘው። ሃያ ጊዜ ከፍተን ሞከርነው፤ ሃያውንም ጊዜ ጠፋ። የማሽኑን ማስነሻ ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። እኔ ካልሰጠሁ ማንም አያስነሳውም።

የቀረን መነጽሩ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ኃላፊው ብቁነቱን የሚገልጽ ለብቻው የተጻፈ ወረቀት ይፈልጋል፤ ከስምሽ በታችም ሙያሽ ይጻፍ ይላል። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አልነግርሽም። ብቻ ደመቅ ያለ ይሁን።

ጋሼሽ

ታኅሣሥ 5

ውድ ጋሼ፣

የቤቱ ሰው ሁሉ ከነጃርቱ በሰላም ይክረምልኝ። ያቺን የጥበቃውን ነገር አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ ዞሮ አየኝ።

መነጽሮቹን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ሁለት ናቸው፣ መስታወታቸው ብርቱካንማ። ትንሽ ተጫጭረዋል እንጂ ምንም አልሆኑም፤ እኛ ከምንጠቀምባቸው ነው ያወጣሁት። እዚህ ሁሉም የሚያጠልቀው ይህንኑ ነው። ሻርፑ ለትንሿ ነው፤ ላብራቶሪ ይበርዳል።

የኃላፊውን ወረቀት ለብቻው አያይዤዋለሁ። ክፍሉ በተገለጸልኝ መሠረት ብቁ ነው፣ መነጽሩም ለማሽኑ ተስማሚ ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ። ሙያዬን «የሌዘር ደህንነት ባለሙያ» ብዬዋለሁ። ደመቀ?

ሚጢጢ

ጥር 6

ለሚጢጢዬ፣

እልል በይልኝ! ማሽኑ ተነሳ። ኃላፊው ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ አጨበጨበ፤ ገብቶ ለማየት ግን እግሩ አልታዘዘውም። አንዴ አሳይተን አጠፋነው። ወረቀትሽ ማህተም ተመትቶበት ፋይል ገብቷል። ልጄም ቋሚ ሆነች! የቅጥር ደብዳቤዋን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምታድረው፤ እኔ ያላየሁ መስሏታል። ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ።

አንድ ጥያቄ ግን አለ። ጥያቄው የልጄ ነው። በአንደኛው መነጽር ጎን ላይ 532 የሚል ቁጥር አለ፤ ቀጥሎ የነበረው ተፋፍቆ አይነበብም። በሁለተኛው ላይማ ጭራሽ ምንም አይታይም። የኛ ማሽን የጨረሩ ቁጥር 1064 ነው፤ መነጽር የሚከላከለው ደግሞ ቁጥሩ የተጻፈበትን ጨረር ብቻ ነው አሉ። «አባዬ፣ የተፋቀው የኛው ቁጥር ከሆነ ደህና። ካልሆነ ግን ይህ መነጽር ለኛ ጨረር እንደሌለ ነው፤ ዓይኔ ባዶውን ነው ማለት ነው» ትለኛለች። አንቺ ዘንድ እንደዚሁ ያሉ ስላሉ ጎናቸውን አይተሽ ንገሪን። መልስሽ እስኪመጣ ቁልፉን አንገቴ ላይ ይዤዋለሁ። ብቻ ቶሎ በይ፤ ኃላፊው ካሁኑ «ለጌጥ የሚቀመጥ ማሽን ነው እንዴ ያመጣነው?» እያለ ነው።

ጋሼሽ

ጥር 30

ውድ ጋሼ፣

እንኳን ደስ ያላችሁ! የትራሱ ነገር ሆዴን በላው። ለዚያች ልጅ ፈጣሪ ከዚህም በላይ ያሳያት።

የተፋቀው 1064 ነው። እዚህ ያሉት ሁሉ ሁለቱም ቁጥር አለባቸው። ትንሿን አትጠራጠሪ በሏት፤ መጠራጠር እንጀራ ያሳጣል። ቁልፉን ይስጧት።

ሚጢጢ

መጋቢት 25

ውድ ጋሼ፣

ምነው ዝም አላችሁኝ? ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ጉልበትዎ ጠናብዎ? ትንሿስ ቋሚ ሆንኩ ብላ ኮራችብኝ? ሻርፑ ቀለሙ ካልተስማማት ሌላ እልካለሁ።

ሌሊት ሌሊት ይከፋኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለት መስመር ትበቃኛለች።

ሚጢጢ

ሚያዝያ 20

ሚጢጢ፣

ሰላምታውን ዛሬ ተይው።

የካቲት 27 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ልጄ የማሽኑን መስታወት ስታስተካክል ዓይኗ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማች። መነጽርሽን አድርጋ ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ ቀዩ በርቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ቀለበቷ ደጅ ቀርቷል። አንድም ነገር አላጎደለችም። ቀዩን ቁልፍ ራሷ መትታ፣ ራሷ በሩን ከፍታ ወጥታ «አባዬ፣ መሀሉ የለም» አለችኝ።

የቀኝ ዓይኗ ዳር ዳሩን ያያል፣ መሀሉ ጠፍቷል። ግራዋን ጨፍና ፊት ለፊት ስታየኝ ጆሮዬን ታያለች፣ አፍንጫዬን አታይም። ሐኪሙ የተቃጠለ አይመለስም ብሏል። ሁለተኛ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ እሱም ያንኑ አለ።

ኮሌጁ ኮሚቴ አቁሟል። «የራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ሊሏት እያሟሟቁ ነው። እንዲያ ካሉ ሥራዋም የለም፣ ለሕክምናዋም ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ፋይሉ ወጥቶ ወረቀትሽ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል። ከእንግዲህ መነጽር አልልሽም፣ ምልክት አልልሽም። አንዲት ነገር ብቻ መልሺልኝ። የተፋቀው ውስጥ 1064 ነበረ ወይ? በዓይንሽ አይተሻል?

ግንቦት 12

ጋሼ፣

አላየሁም።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያን ሕንፃ ወለል ነው የጠረግሁት። ቀይ እያለ በር ከፍቼ የሰው ሥራ ያበላሸሁትና የተሰደብኩት እኔ ነኝ። እናቴ «ሌዘር ቤት ትሠራለች» ስትል ዝም አልኩ፤ እውነት ነዋ፣ እሠራለሁ። ቆይታ «ባለሙያ ናት» ስትልም ዝም አልኩ። ደስ ብሏት ነበር፣ ደስታዋን ልቀማት? ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

መነጽሮቹን ያነሳሁት «የሚወገድ» ተብሎ ከተጻፈበት ካርቶን ነው። እኔው ራሴ ወደ ቆሻሻ የማወርደው ካርቶን። እዚህ የሚጣለው እኛ ዘንድ ሠርግ ይሄዳል ብዬ ሦስት አነሳሁ፤ ሁለቱን ላክሁ፣ አንዱን አስቀረሁ። የጥር ደብዳቤዎ ሲመጣ እዚህ መንጠቆ ላይ ከተሰቀሉት መነጽሮች አንዱን ገልብጦ ማየት ይበቃ ነበር። ባየው ምን እንደምል ፈራሁ። የማላውቀው ነገር ከሆነስ? ማንን ልጠይቅ? አሥራ አንድ ዓመት «እንደምን አደርክ» ከማለት ያለፈ ቃል አውጥቼ አላውቅም። እናም እንደሚያውቅ ሰው መለስኩ።

አሁን ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ያስቀረሁትን ይዤ ወደ አንዱ ነጭ ጋዋን ለባሽ ሄድኩ። አገላብጦ አየና «ይህ ለአረንጓዴው ጨረር ብቻ ነው፤ ለማይታየው፣ ለ1064ቱ፣ ተራ መስታወት ማለት ነው» አለኝ። የት ተጽፏል ብዬ ብጠይቀው በሩ ጋ ወሰደኝ። ከቢጫው ምልክት ሥር፣ ለየትኛው ቁጥር የትኛው መነጽር እንደሚደረግ በትልልቁ ሰፍሯል። ያንን ሰሌዳ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። አቧራውን አያለሁ እንጂ ጽሑፉን አንብቤው አላውቅም። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አልኩ፤ ሰውየው አሟት ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

ለኮሚቴው እውነቱን ልጽፍ ነው። ጥፋቱ የትንሿ አለመሆኑን ይወቁት። ግን እርስዎን «የጠራጊ ወረቀት ይዘህ መጣህ» እንዳይሉዎ «እሱ አላወቀም፣ እሱንም አታልዬዋለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። እባክዎ ይፍቀዱልኝ። ደግሞም ይርገሙኝ። ዝም ከሚሉኝ ይርገሙኝ።

ሚጢጢ

ሰኔ 3

ሚጢጢ፣

አልረግምሽም። የሚረግም ሰው መጀመሪያ እጁ ንጹህ መሆን አለበት።

«አላወቀም» ብለሽ እንዳትጽፊ። አውቅ ነበር።

የእናትሽ ለቅሶ ላይ አንቺ ካለሽበት የመጣ የጎረቤት ልጅ መወልወያ ይዘሽ እንዳየሽ ነግሮኛል። ሦስት ዓመት አለፈው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ያኔ ለክብርሽ ብዬ ነው። መስከረም ላይ ግን ለራሴ ሆነ። ኃላፊው ወረቀት አምጣ አለኝ። ወረቀት ሊጽፍልኝ የሚችል ሰው ብቆጥር አንቺ ብቻ ነሽ። እንቢ እንደማትይም አውቄያለሁ፤ እንቢ ካልሽ ለምን ልትባዪ ነው። «ደመቅ ያለ ይሁን» ያልኩሽ ለዚያ ነው። በውሸትሽ ላይ ማህተም አስመታሁበት።

መነጽሩን ደግሞ መነጽር ነው፣ ሌዘር ቤት የሚጠርግ ሰው ምን ያጣል፣ አልኩ። ይሄው ነው የኔ ሊቅነት።

ልጄ ሁለት ጊዜ ለምናኛለች። መልስሽ ከመጣ በኋላም «አባዬ፣ አንድ ሳምንት ብንጠብቅና ሌላ ቦታ ብጠይቅ» አለችኝ። ያን ቀን ኃላፊው ስድብ አከል ነገር ተናግሮኝ ነበር፤ ደሜ ፈልቷል። ደብዳቤሽን ፊቷ ዘርግቼ «ከባለሙያ ትበልጫለሽ?» አልኳት። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠራጊ መሆንሽን እያወቅኩ! ቀስ ብላ ጨበጠችው። ጭብጧ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

አንቺ ያላየሽውን አየሁ አልሽ፣ እኔ የማውቀውን አላውቅም አልኩ። ሰው ሲምል «ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ይላል። የዋሸነው እኛ፣ የጠፋው የእሷ።

ለኮሚቴው ሁሉንም ጽፌያለሁ። ሁለታችን ካልሸሸን እሷን የሚነካት አይኖርም። ቁልፎቹን ነገ አስረክባለሁ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። አንቺም ጻፊ። ከስምሽ በታች ሙያሽን እንዳለ ጻፊው፤ የሚያሳፍረው መጥረጊያው አልነበረም።

ለልጄ ግን አልነገርኳትም። በየትኛው አፌ? ፊት ለፊት አይታኝ ብነግራት እንኳ የትኛውን ፊቴን ታያለች?

ጋሼሽ

እትዬ፣

አባዬ አድራሻውን እንድጽፍለት ፖስታውን ሰጠኝ። እስከ ዛሬ አሽጎ ነው የሚሰጠኝ። ዛሬ ግን ክፍት ነው፤ የሱ ወረቀትና ያንቺ የግንቦት ደብዳቤ ጫፋቸው ወጥቶ ይታያል። ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ።

ሁለቱንም አነበብኳቸው። በግራ ዓይኔ ብቻ ስለማነብ ጊዜ ወሰደብኝ። አልዞረም።

መነጽሮቹን አብሬ መልሻቸዋለሁ። በጎናቸው ላይ በማይለቅ ቀለም «ለማይታየው ጨረር አይሆንም» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ሦስተኛውንም ጨምረሽ ሰብረሽ ጣያቸው፤ ከካርቶን ውስጥ ለዘመዱ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ሻርፑን አስቀርቼዋለሁ፣ ይሞቃል። ስለ አንቺ ምን እንደሚሰማኝ ገና አላወቅሁትም፤ ሳውቀው እጽፍልሻለሁ።

አባዬ አሁን ጀርባውን እንደሰጠኝ «ነገ ቁልፎቹን ላስረክብ ስሄድ ደረጃውን ታወጪኛለሽ አይደል?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። ጉልበቱን ሰሞኑን በጣም ያመዋል፤ ያለ ክንዴ ሦስት ደረጃ አይወጣም።

ነገ ብቻውን ይወጣል።